እንባና አንቀጽ 112

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አበው። ተረቱ በአማርኛ ሲነገር ያለፈ ዘመን ትዝታ ይመስላል። ታይላንድ ውስጥ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደቀው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ንጉሡ የሚከበርና የማይደፈር መሆኑን፣ ማንም ሰው ምንም ዓይነት ክስ ሊያነሣበት እንደማይችል ይደነግጋል። ሰማዩም ቢሆን አልቀረም። ከንጉሥና ከንግሥት የሚወለዱ ልጆች ማዕረጋቸው «ቻኦ ፋ» ነው፤ የሰማይ ጌታ እንደማለት። ተራ ሰው ንጉሡን ሲያናግር ደግሞ «አንቱ» ማለት ብቻ አይበቃውም። በቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ቃሉን የሚያቀርበው ከንጉሡ እግር ሥር ላለው ትቢያ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ንጉሥ ሲሞት ሚሊዮኖች ጥቁር ለብሰው ያለቅሳሉ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ወዲያው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ይህ ሕዝብ የሚያለቅሰው ወዶ ነው ወይስ ፈርቶ?

ብዙ የውጭ ታዛቢዎች «ፈርቶ ነዋ!» ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። ለዙፋኑ ታማኝ የሆኑ ታይላንዳውያን ደግሞ በጥያቄው ራሱ ይቆጣሉ። ሁለቱም ወገኖች የቸኮሉ ይመስላል። ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። (ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 13 ቀን 2016 ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ ባንኮክ በሚገኘው ሲሪራጅ ሆስፒታል በ88 ዓመታቸው አረፉ። የነገሡት በ1946፣ ወንድማቸው ንጉሥ አናንዳ ማሂዶል ቤተ መንግሥት ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው በተገኙበት ቀን፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ ነበር። 70 ዓመት ዙፋን ላይ ቆዩ። ሲያርፉ አብዛኛው ታይላንዳዊ ከእሳቸው ሌላ ንጉሥ አያውቅም። ሮዝ ቀለም ለጤናቸው መልካም ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕዝቡ ሮዝ ለብሶ በሆስፒታሉ ደጅ ሲጸልይ ሰንብቶ ነበር። መርዶው ሲነገር ያ ሁሉ ሰው ፎቷቸውን እንዳቀፈ ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ ቀለሟን ጣለች። ለመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ዓመት ሐዘን ታወጀ። ሰንደቅ ዓላማ ለ30 ቀናት ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ተደረገ፤ ሕዝቡም ለ30 ቀናት ከጭፈራና ከፈንጠዝያ እንዲታቀብ ተጠየቀ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የጋዜጦች ድረ ገጾች ጥቁርና ነጭ ሆኑ። የእግር ኳስ ሊጉ ጥቂት ጨዋታዎች ሲቀሩት ተቋረጠና በወቅቱ ይመራ የነበረው ሙዋንግቶንግ ዩናይትድ ሻምፒዮን ተባለ። ጥቁር ልብስ ከገበያ ጠፋ። ዋጋው ሲሰቀል መንግሥት ነጋዴዎችን አስጠነቀቀ። አዲስ ልብስ መግዛት ላልቻለ ሰው በየቦታው ትልልቅ ድስት ተጥዶ ያለውን ልብስ ጥቁር ቀለም ይነክሩለት ጀመር።

አስከሬናቸው በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ በዙፋን አዳራሽ አረፈ። መነኮሳት ሌትና ቀን እየተፈራረቁ ጸሎት አደረሱ። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሰልስት፣ አርባና ሰማንያ እንዳለ ሁሉ በታይላንድ ነገሥታት ሥርዓት ደግሞ ሰባተኛው፣ አሥራ አምስተኛው፣ ሃምሳኛውና መቶኛው ቀን የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ለስንብት ተሰልፎ በዚያ አዳራሽ አለፈ። ከገጠር በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ነበር፤ ለሁለት ደቂቃ ስግደት ብሎ በዝናብና በፀሐይ ለሰዓታት የቆመ ነበር። ለተሰለፈው ሁሉ ምግብና ውኃ በነጻ የሚያድሉ ሰዎች ነበሩ። የሞተር ታክሲ ነጂዎች ለቀስተኛውን ያለ ክፍያ ያመላልሱ ነበር።

ኦክቶበር 26 ቀን 2017 ሳናም ሉዋንግ በተባለው ሰፊ ሜዳ አስከሬኑ ተቃጠለ። ለዚያ ሥነ ሥርዓት የአማልክት መኖሪያ ነው የሚባለውን የሜሩን ተራራ የሚመስል፣ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ያጌጠ ሕንጻ ተሠርቶ ነበር። በ1795 የተሠራውን ባለወርቅ ሠረገላ ከ200 በላይ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ አጀቡት። መንግሥት ለሥነ ሥርዓቱ 3 ቢሊዮን ባህት ያህል መደበ። ሕንጻው ለጥቂት ጊዜ ለሕዝብ እይታ ክፍት ከሆነ በኋላ ፈረሰ። እንዲፈርስ ታስቦ ነው የሚሠራው፤ ንጉሡ ወደ ሰማይ ከተመለሰ በኋላ መሰላሉ አያስፈልግም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የፍርሃት ድራማ ነበር ማለት ይቻላል? አይቻልም። ቡሚቦል ካርታ ይዘው፣ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በየገጠሩ የዞሩ ንጉሥ ነበሩ። በሰሜን ተራሮች ኦፒየም ይዘራ የነበረው ገበሬ ወደ ቡናና ፍራፍሬ እንዲዞር በ1969 የጀመሩት ፕሮጀክት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። በ1973 ወታደሮች ተማሪዎች ላይ ሲተኩሱ የቤተ መንግሥታቸው በር ለሚሸሹት ልጆች ተከፍቷል። በ1992 ደግሞ በባንኮክ ጎዳናዎች ደም ሲፈስ የጦር ሹሙን ጠቅላይ ሚኒስትርና የተቃዋሚውን መሪ ጠርተው በቴሌቪዥን ፊት ወለል ላይ አስቀምጠው ገሠጿቸው፤ ግድያው ቆመ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሥልጣን ለቀቁ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ሲያለቅስ «ፈርተህ ነው» ቢሉት ስድብ ነው።

ነገር ግን ከዚያ ሰልፍ ጎን ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር።

ንጉሡ ባረፉ በቀናት ውስጥ በሳሙይ ደሴት አንዲት ሴት ንጉሡን ሰድባለች ተብላ በሕዝብ ተከበበችና በፎቷቸው ፊት በጉልበቷ ተንበርክካ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተደረገ። በፉኬት ብዙ መቶ ሰዎች በአንድ የአኩሪ አተር ወተት ሱቅ ደጅ ተሰብስበው፣ በፌስቡክ ንጉሡን ነክቷል የተባለ ሰው እንዲወጣላቸው ጮኹ። ጥቁር ያልለበሰ መንገደኛ ይሰደብ ጀመር። የወቅቱ የፍትሕ ሚኒስትር ሕዝቡን ከማረጋጋት ይልቅ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ኅብረተሰቡ ራሱ ቢቀጣቸው የተሻለ ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። በሌላ በኩል ግን መንግሥት ራሱ «ጥቁር ያልለበሰውን አትውቀሱ፤ መግዛት ያልቻለ ሊሆን ይችላል» ብሎ ለመማጸን ተገደደ።

ሐዘን ዘበኛ ሲቆምለት እንዲህ ነው። ለቀስተኛው ከሬሳው ዓይኑን ያነሣና የጎረቤቱን ልብስ መመርመር ይጀምራል።

ለዚህ ቁጣ ጉልበት የሚሰጠው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 112 ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን ስም ያጠፋ፣ የሰደበ ወይም የዛተ ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይታሰራል ይላል። ከሦስት ዓመት በታች ቅጣት የለውም።

ሕጉ ሁልጊዜ እንዲህ የከበደ አልነበረም። ከ1976 በፊት ጣሪያው ሰባት ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት በታማሳት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰቀሉ ሁለት ሰዎችን ለማሰብ አጭር ድራማ አሳዩ። አንድ ጋዜጣ የድራማውን ፎቶ አትሞ «የተሰቀለው ልጅ አልጋ ወራሹን ይመስላል» የሚለው ወሬ ተነዛ። ኦክቶበር 6 ቀን ፖሊስና የታጠቁ ቡድኖች ግቢውን ወረው፣ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ 46 ሰው ተገደለ። በዚያው ቀን ጦሩ ሥልጣን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ቅጣቱን አሁን ወዳለበት ከፍ አደረገው። ንጉሥ ተሰደበ የሚል ወሬ ያን ያህል ሰው አስገደለ፤ ከግድያው በኋላ የከበደው ቅጣት ግን በገዳይ ላይ ሳይሆን በተሳዳቢ ላይ ነበር።

አሠራሩ ደግሞ ከቅጣቱ ይብሳል። ንጉሡ ራሱ አይከስም። ማንኛውም ሰው፣ ጎረቤት ይሁን የፖለቲካ ባላንጣ ወይም በስም የማያውቅህ ሰው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሊያመለክት ይችላል። ፖሊሱ አቤቱታውን ቢጥለው «አንተስ ታማኝ ነህ?» መባልን ይፈራል፤ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይገፋዋል። ዐቃቤ ሕጉም እንዲሁ ወደ ዳኛ ይገፋዋል። ዋስትና ብዙ ጊዜ ይከለከላል። እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው ወንጀል ሆኖ ይቆጠራል። ጥፋቱን ያመነ ቅጣቱ በግማሽ ስለሚቀነስለት፣ ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚሟገተው ጥቂት ነው። ስድቡን መድገም ስድብ ስለሆነ ጋዜጦች ሰውየው ምን ብሎ እንደታሰረ መጻፍ አይችሉም። ሕዝቡ ቅጣቱን ይሰማል፤ ጥፋቱን አይሰማም።

በዚህ መንገድ ያለፉትን እንመልከት ቢባል መጀመሪያ የሚነሡት አምፖን ታንግኖፓኩን ናቸው። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ አዛውንት ነበሩ። ሰው «አኮንግ» ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። በ2010 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፊ ስልክ የተላኩ አራት አጫጭር የጽሑፍ መልእክቶች ከእሳቸው ስልክ ነው የወጡት ተባለ። እሳቸው የጽሑፍ መልእክት መላክ እንደማያውቁ፣ ንጉሡንም እንደሚወዱ ተናገሩ። በኖቬምበር 2011 ለእያንዳንዱ መልእክት አምስት ዓመት፣ በድምሩ ሃያ ዓመት ተፈረደባቸው። በሜይ 2012 በካንሰር ታመው እስር ቤት ውስጥ አረፉ።

አንቻን የተባሉ የቀድሞ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሌላ ሰው ንግግር የተቀዳባቸውን የድምፅ ቅጂዎች በኢንተርኔት በማጋራታቸው በጃንዋሪ 2021 በ29 ክሶች 87 ዓመት ተፈረደባቸው። ጥፋታቸውን ስላመኑ 43 ዓመት ከ6 ወር ሆነላቸው። አንድ ሠራተኛ በንጉሡ ውሻ ላይ አሹፈሃል ተብሎ በ2015 ክስ ተመሠረተበት። አንዲት ወጣት በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ሮዝ የሐር የባህል ልብስ ለብሳ በመራመዷ ንግሥቲቱን አስመስለሻል ተብላ በ2022 ተፈረደባት። አዛውንቱ ምሁር ሱላክ ሲቫራክሳ ደግሞ በ1593 አንድ ንጉሥ በዝሆን ላይ ሆኖ አደረገው የሚባለውን ውጊያ በጥያቄ ምልክት ውስጥ በማስገባታቸው፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በቆየ ታሪክ ተከሰሱ፤ ክሱ የተቋረጠው በ2018 ነው።

በሐዘኑ ዓመት የሆነውን ደግሞ አስቡት። በዲሴምበር 2016፣ አገሩ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ሳለ፣ ቢቢሲ በታይ ቋንቋ ስለ አዲሱ ንጉሥ ማሃ ቫጂራሎንግኮርን የሕይወት ታሪክ አወጣ። ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በፌስቡክ አጋሩት። የተከሰሰው ጃቱፓት የተባለ የሕግ ተማሪ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ጃቱፓት ወታደራዊውን መንግሥት በመቃወም አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ሁለት ሺህ ሰው አንድ ነገር አድርጎ አንዱ ብቻ ሲታሰር፣ የታሰረው በሠራው ነው ወይስ በማንነቱ? መልሱን ለአንባቢ መተው ይሻላል።

የሕጉ ደጋፊዎች መከራከሪያ አላቸው፤ መስማትም ይገባል። ንጉሥ ፍርድ ቤት ቆሞ ስሙን ሊከላከል አይችልም፤ ስለዚህ ሕግ ይከላከልለት ይላሉ። ንጉሥ የአገር አባት ነው፤ አባትን የሰደበ ቤተሰቡን ሁሉ ያቆስላል ይላሉ። እውነት አለው፤ የቆሰለ ሰው በእርግጥ አለ። ግን ኔዘርላንድም ንጉሥ አላት፤ በ2020 ንጉሥን የመስደብን ቅጣት ከአምስት ዓመት ወደ አራት ወር ጣሪያ ስታወርደው ዙፋኑ አልወደቀም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ራሳቸው ንጉሥ ቡሚቦል ናቸው። በዲሴምበር 2005 በልደታቸው ዋዜማ ባደረጉት ንግግር ንጉሥም ሊሳሳት እንደሚችል፣ ሊተችም እንደሚገባ ተናገሩ። አይተችም ከተባለ ንጉሡ ሰው አይደለም ማለት ነው፤ በዚህ ሕግ ሰው ሲታሰር ችግሩ ዞሮ የሚመጣው በንጉሡ ላይ ነው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነበር። ሕዝቡ የንጉሡን ቃል ሁሉ በወርቅ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ ይህን ቃላቸውን ግን የሰቀለው ጥቂት ነው። እሳቸው ይህን በተናገሩ ማግስት የክሱ ቁጥር ወረደ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከ2006ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ እየበዛ ሄደ።

ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለሁለት ዓመት ያህል አዲስ ክስ ቆመ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፕራዩት ቻን ኦቻ በጁን 2020 ንጉሡ በምሕረታቸው ሕጉ እንዳይሠራበት ፈልገዋል አሉ። በዚያው ዓመት ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ስለ ዙፋኑ በግልጽ መናገር ሲጀምሩ፣ በኖቬምበር ሕጉ ከመሳቢያው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ270 በላይ ሰዎች ተከሰዋል፤ ከመካከላቸው ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ነበሩ። ኔቲፖን የተባለች የ28 ዓመት ወጣት ለረጅም ጊዜ ምግብ ካቆመች በኋላ በሜይ 2024 በእስር ላይ ሳለች ሞተች። ሕጉን ለማሻሻል ቃል ገብቶ በ2023 ምርጫ ብዙ መቀመጫ ያሸነፈው ሙቭ ፎርዋርድ ፓርቲ በኦገስት 2024 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፈረሰ። አንቀጹን መተላለፍ ብቻ ሳይሆን አንቀጹን እናሻሽል ማለትም ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። ሲፈለግ የሚበራ፣ ሲፈለግ የሚጠፋ ሕግ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው በእጁ ያለውን ሰው እንጂ ንጉሡን አይጠብቅም።

ኦክቶበር 24 ቀን 2025 የቡሚቦል ባለቤት ንግሥት ሲሪኪት በ93 ዓመታቸው አረፉ። ለመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ዓመት ሐዘን ታወጀ፤ ሕዝቡ ለ90 ቀናት ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ልብስ እንዲለብስ ተጠየቀ። ከገበያ ጥቁር ልብስ የሚመርጠው ሰው ዛሬም ብዙ ዓይነት ነው። የእናቱን ያህል የሚወዳት አለ። ባህሉ ነውና የሚለብስ አለ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚለብስም አለ። ሁሉም ሸሚዝ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እድርተኛ ከቀብር ከቀረ መቀጫ ይከፍላል። «አላለቀስክም» ተብሎ የተቀጣ ግን የለም። ማኅበር «ና፣ ከሐዘንተኛው ጋር ቁም» ብሎ ማዘዝ ይችላል። እንባ ግን የባለቤቱ ነው። ስለሞተው ሰው የሚወራውም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ «እሱ እንኳ በሕይወቱ አስቸጋሪ ነበር» የሚል አይጠፋም። ያ ሰው እዚያ ስላለ ነው የሌላው ልቅሶ የሚታመነው። መናገር የሚችል ሰው ዝም ሲል ዝምታው አክብሮት ነው። መናገር የማይችል ሰው ዝም ሲል ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም።

አንቀጽ 112 የታሰሩትን እንደበደለ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላ የበደለው ሰው አለ፤ እሱም ከልቡ የወደደው ነው። በዝናብ ለሰዓታት ቆማ በዙፋኑ አዳራሽ የሰገደች አሮጊት ፍቅሯን የምታስረዳበት መንገድ የላትም። «ወድጄ ነው» ብትል ዓለም ይጠራጠራታል፤ «አልወድም» ማለት በሚያሳስርበት አገር «እወዳለሁ» የሚለው ቃል ሚዛን አይደፋምና። ሃያ ዓመት የተፈረደባቸው አኮንግም «ንጉሡን እወዳለሁ» ብለው ነበር፤ ዳኞቹ አላመኗቸውም። ያ ሕግ እሳቸውን ብቻ አልቀጣም። ያን ቃል ከልቡ የሚናገረውን ሁሉ ምስክርነት አረከሰው።

ንጉሥን ከስድብ ለማዳን የወጣ ሕግ ንጉሡን ከምስጋናም አራቆተው። ቡሚቦል ለ70 ዓመት ያፈሩትን ፍቅር ያህል የመዘነ ንጉሥ በዘመናቸው ጥቂት ነበር ቢባል ማጋነን ላይሆን ይችላል። ግን እውነቱን የሚለካ ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ ታስሯል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ የተነሣውን ጥያቄ መልሰው ያንሡት፦ ሕዝቡ የሚያለቅሰው ወዶ ነው ወይስ ፈርቶ? መልሱን ሊሰጡ የሚችሉት ታይላንዳውያን ራሳቸው ናቸው። መልሱን ለማወቅ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ማልቀስ ያልፈለገ ሰው ሳያለቅስ ወደ ቤቱ በሰላም የሚገባበት ቀን።